ጄኔራል አሌክሳንድሩ አቬሬስኩ፦ ስለ ሮማኒያው «አባታችን» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ ሮማኒያ ትዝ የምትለው ሰው ጥቂት ነው። ትዝ ብትለው እንኳ ጄኔራሎቿን በስም አይለይም። እኔም አቬሬስኩን ያገኘሁት ሌላ ነገር ሳነብ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አልለቀቀኝም። በ1907 ገበሬ ላይ መድፍ ያስተኮሰ የጦር ሚኒስትር ነው። አሥር ዓመት ከምናምን በኋላ ገበሬው «አባታችን» እያለ እጁን ይስም ነበር። ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ አቬሬስኩ ማለት አንቶኔስኩ ነው?

አይደለም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሁለቱም ጄኔራል ነበሩ፣ ሁለቱም ማርሻል ተባሉ፣ ሁለቱም መንግሥት መሩ። ቢምታቱ አይገርምም።

ኢዮን አንቶኔስኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሂትለር ጎን የተሰለፈው ነው። በ1946 ተረሽኗል። አቬሬስኩ ግን የአንደኛው ጦርነት ሰው ነው። ሁለተኛው ሲጀመር በሕይወት አልነበረም። አቬሬስኩ ጦር ሲመራ አንቶኔስኩ ገና ወጣት የዘመቻ መኮንን ነበር። ያውም የሚሠራው ለአቬሬስኩ ተቀናቃኝ ለጄኔራል ኮንስታንቲን ፕሬዛን ነው።

የት ተወለደ? ሮማኒያዊ ነው ወይስ ዩክሬናዊ?

ሮማኒያዊ ነው። የተወለደበት መንደር ግን ዛሬ ያለው ዩክሬን ውስጥ ነው። በ1859 ነው የተወለደው፣ በደቡብ ቤሳራቢያ፣ ኢዝማኢል ከተማ አጠገብ ባለች ባበሌ በምትባል መንደር። በዚያን ጊዜ አካባቢው ኋላ የሮማኒያ ክፍል የሆነችው የሞልዳቪያ ነበር። በ1878 ወደ ሩሲያ ሄደ። በ1918 ወደ ሮማኒያ ተመለሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት ሆኖ ቀረ። መንደሯ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ አገር ስትቀያይር ኖራለች። ይህቺን ቤሳራቢያ ያዟት፣ ኋላ ትመጣለች።

ወታደር እንዴት ሆነ?

ሐሳቡ ወታደርነት አልነበረም። መጀመሪያ ኢዝማኢል ውስጥ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ መሐንዲስ ለመሆን ብሎ ቡካሬስት የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1876 ሁሉንም ትቶ ጀንዳርም፣ ማለትም የፖሊስ ሥራ የሚሠራ ወታደር ሆነ።

በዓመቱ ጦርነት መጣ። ሮማኒያ ከሩሲያ ጋር ሆና ከኦቶማን ቱርክ ጋር ገጠመች፤ ነጻነቷን ያገኘችውም በዚያ ጦርነት ነው። አቬሬስኩ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሳጅን ሆኖ ተዋጋ፣ ተሸለመም። ግን ብርድ መታውና የሐኪም ምርመራውን ወደቀ። ወደ ተጠባባቂ ጦር ወረወሩት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ በ1878 ተመልሶ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዘመኑ የሮማኒያ ጄኔራሎች አብዛኞቹ ከመኮንኖች ትምህርት ቤት በቀጥታ የወጡ ናቸው። እሱ ከታች ነው የተነሳው። ወታደሩ «የኛ ሰው» ሲለው ይሄም ሳይረዳው አልቀረም።

ጣልያን አገር ምን ያደርግ ነበር?

ይማር ነበር። ቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የጦር አካዳሚ ነው የሠለጠነው። ሚስቱም ጣልያናዊት ናት፤ ክሎቲልዳ ካሊጋሪስ የምትባል የኦፔራ ዘፋኝ። ለጣልያን የነበረው ፍቅር ዕድሜ ልኩን አልበረደም። በኋላ በፖለቲካው ውስጥም ታይቷል።

ከዚያ ወዲያ እድገቱ ፈጣን ነው። ከ1894 እስከ 1895 የከፍተኛ የጦር ትምህርት ቤቱ አዛዥ ሆነ። ቀጥሎ ለሦስት ዓመት ያህል በርሊን የጦር አታሼ ነበር። በ1906 ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ። እስካሁን ያለው የአንድ ትጉህ መኮንን ታሪክ ነው። ችግሩ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በ1907 የሆነው ምንድን ነው?

«መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ለሚያውቅ አንባቢ ይሄን ማስረዳት ብዙ አይከብድም። በሮማኒያ ሰፋፊው መሬት የጥቂት ባላባቶች ነበር። ባላባቱ ራሱ ከተማ ወይም ፓሪስ ይኖራል። መሬቱን በኮንትራት ለሚይዝ ነጋዴ ያከራያል። ነጋዴው ደግሞ ትርፉን ጨምሮ ለገበሬው መልሶ ያከራያል። ገበሬው ለሁለት ሰው ይሠራል ማለት ነው፤ ለማያየው ባላባትና በየዓመቱ ኪራይ ለሚጨምርበት ተኮናታሪ።

በፌብሩዋሪ 1907 በሰሜን ሞልዳቪያ አንዲት መንደር ፈነዳ። መንደሯ ፍላምንዚ ትባላለች። ትርጉሙ «የተራቡት» ነው። ስም ከዚህ በላይ አይናገርም። መጀመሪያ ላይ ቁጣው በኮንትራት ያዦቹ ላይ ነበር፤ ከእነሱ ብዙዎቹ አይሁዶች ስለነበሩ አመፁ ፀረ አይሁድ መልክም ነበረው። ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን ባላባት ሆኖ የተረፈ የለም። ቤት ተቃጠለ፣ የኪራይ ውል ተቀደደ።

የነበረው መንግሥት ለቀቀ። በማርች የሊበራሎቹ መንግሥት በዲሚትሪየ ስቱርድዛ መሪነት መጣ። የጦር ሚኒስትሩ አቬሬስኩ ሆነ። ወደ 140,000 የሚጠጋ ወታደር ተጠራ። አገሪቱ በወታደራዊ ቀጠና ተከፋፈለች። አንዳንድ መንደር በመድፍ ተመታ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጸጥ አለ።

ስንት ሰው ሞተ? መንግሥት ያመነው 419 ነው። የዘመኑ ጋዜጦች 11,000 አሉ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ብዙ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ሮማኒያውያን የ1907ን ሟቾች ሲያነሱ 11,000 የሚለው ነው በአፋቸው የሚቀድመው።

አቬሬስኩን እንዴት ልፍረደው? ትእዛዙ የመንግሥት ነው፣ እውነት። ግን ዘመቻውን ያቀደውና በሥርዓት የመራው እሱ ነው። ሥራውን ጥሩ አድርጎ ሠራ። አሳፋሪው ነገርም እሱ ነው።

በ1913ስ?

አጭር ነው። ከ1911 ጀምሮ የጦሩ ኤታማዦር ሹም ነበር። በሁለተኛው የባልካን ጦርነት ሮማኒያ ዳኑብን ተሻግራ ቡልጋሪያ ገባች። ቡልጋሪያ ከሌሎች ጎረቤቶቿ ጋር ስትዋጋ ጦሯ ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ ውጊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ወታደሩን የገደለው ኮሌራ ነው። ሮማኒያ በዳኑብና በጥቁር ባሕር መካከል ያለውን የዶብሩጃን ደቡባዊ ክፍል ይዛ ተመለሰች። ጦሩም ነገሩ ቀላል መሰለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋጋውን ከፈለ።

ሮማኒያ በ1916 ለምን ቶሎ ተሸነፈች? የፍላምንዳው ዘመቻስ ምን ነበር?

ሮማኒያ በኦገስት 27 ቀን 1916 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጎን ገባች። የምትፈልገው ትራንሲልቫኒያን ነው። ያኔ የኦስትሪያ–ሀንጋሪ ግዛት ነበረች፣ ሕዝቧ ግን በብዛት ሮማኒያዊ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጦር ወደ ሰሜን ካርፓቲያንን ተሻገረ። አቬሬስኩም 2ኛውን ጦር ይዞ ከዚያ ነበር።

ደቡቡ ባዶ ሆነ። የጀርመኑ ማርሻል ማክንዘን ጀርመንና ቡልጋሮችን ይዞ ከደቡብ መጣ። በሴፕቴምበር 6 የዳኑብ ዳሩ ምሽግ ቱርቱካያ ወደቀ። ከ25,000 በላይ ሮማኒያውያን ተማረኩ። ቡካሬስት ተሸበረች። አቬሬስኩን ከሰሜን ጠርተው 3ኛውን ጦር ሰጡት።

ያቀረበው እቅድ ደፋር ነበር። ማክንዘን ወደ ዶብሩጃ ገብቷል፤ እኛ ዳኑብን ከኋላው ተሻግረን መመለሻውን እንዝጋበት አለ። መሻገሪያው ቦታ ፍላምንዳ ይባላል። ትርጉሙ «የተራበችው» ነው። አዎ፣ እንደ ፍላምንዚ ከረሃብ የመጣ ስም ነው። የ1907 አመፅ የጀመረበትና የ1916 ዘመቻው የከሸፈበት ቦታ በአንድ ቃል መጠራታቸው አጋጣሚ ነው። ግን ካወቅኩት ወዲህ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ኦክቶበር 1 ቀን ተንሳፋፊ ድልድይ ተዘረጋ። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ተሻገሩ። ሌሊቱን ዶፍ ወረደ፣ ወንዙ ሞላ። የኦስትሪያ–ሀንጋሪ የወንዝ ጦር መርከቦች ደግሞ መጥተው ድልድዩን መቱት። ተጠገነ፣ ተመታ። በዚህ መሀል ከሰሜን መጥፎ ወሬ ደረሰ። የጀርመኑ ጄኔራል ፋልከንሃይን ሲቢዩ ላይ የሮማኒያን 1ኛ ጦር ሰብሮታል። ጠቅላይ መምሪያው ፈራ። ዘመቻው እንዲቆም ታዘዘ፣ የተሻገሩትም ተመለሱ። አቬሬስኩም ወደ ሰሜን ወደ ድሮው ጦሩ ተላከ፣ የካርፓቲያንን በሮች ጠብቅ ተብሎ።

«ባይቆም ኖሮ ይሳካ ነበር?» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ አይመስለኝም። በአንድ ድልድይ፣ ያውም ወንዝ መርከቦቹን ሳያርቁ፣ ያን ያህል ጦር መቀለብ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ዲሴምበር 6 ቀን ቡካሬስት ወደቀች። ንጉሡ፣ መንግሥቱ፣ ጦሩና ከእግሩ ሥር የሸሸው ሕዝብ ወደ ሞልዳቪያ ተጨናንቆ ገባ። ዋና ከተማው ያሺ ሆነ። በዚያ ክረምት በቅማል የሚተላለፈው ታይፈስ ከጥይት ያልተናነሰ ገደለ።

ማራሽቲና ማራሼሽቲ አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ ስንቱን አሳስቷል። ሁለቱም የ1917 የበጋ ጦርነቶች ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ አካባቢ።

ማራሽቲ የአቬሬስኩ ነው። እስከዚያ ድረስ በጄኔራል በርተሎ የሚመራው የፈረንሳይ ልዑክ ጦሩን መልሶ አሠልጥኖታል፣ መሣሪያም ገብቷል። በጁላይ 22 መድፉ ጀመረ። ሁለት ቀን ሲደበድብ ቆይቶ እግረኛው ተነሳ። የ2ኛው ጦር በተራራው ላይ የተቆፈረውን የጀርመንና የኦስትሪያ–ሀንጋሪ መስመር ሰበረ። እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገፋ፣ ብዙ መንደር አስለቀቀ። በዚያን ጊዜ ምሽግ ለምሽግ በሚደረግ ጦርነት 20 ኪሎ ሜትር ማለት ቀልድ አይደለም። በምዕራቡ ግንባር ለጥቂት መቶ ሜትር ስንት ሺህ ሰው ያልቅ ነበር።

ከዚያስ? ቆመ። ሩሲያ ከሮማኒያ በስተሰሜን ባለችው በጋሊሲያ የጀመረችው ማጥቃት ስለፈረሰና የሩሲያ ጦር አብዮቱ ውስጥ ስለነበረ ሰሜኑ ክፍት ሆነ። አቁሙ ተባለ። አቬሬስኩ ሁለተኛ ጊዜ ከመሀል መንገድ ተጠራ።

ማራሼሽቲ ቀጥሎ ኦገስት 6 የጀመረው ነው። ይሄኛው መከላከል ነው። ማክንዘን ሊጨርሳቸው መጣ፣ አላለፈም። የዚያ ድል ስም ከሁሉ በላይ ከጄኔራል ኤሬሚያ ግሪጎሬስኩ ጋር ነው የሚነሳው። በዚያው ወር አቬሬስኩ በኦይቱዝ ሸለቆ በኩል ያለውን መንገድ ዘግቶ ያዘ። ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው ሮማኒያ ከካርታው እንዳትጠፋ ያደረጉት።

ከፕሬዛን ጋር ለምን አልተስማሙም?

ሁለት ታላላቆች በአንድ ጦር ውስጥ ስለማይስማሙ ነው። ፕሬዛን ከዲሴምበር 1916 ጀምሮ የጠቅላይ መምሪያው ኤታማዦር ሹም ነበር፣ በቤተ መንግሥትም ይወደዳል። አቬሬስኩ ደግሞ ቦታው ለእኔ ይገባ ነበር ባይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የጻፈውን ማስታወሻ በስተርጅና አሳትሟል። የበታች ሆኖ መታዘዝ እንዳንገበገበው ከዚያ ይታወቃል። አቬሬስኩ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

ገበሬዎቹ «አባታችን» ያሉት ለምንድን ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

በሮማኒያ ጦር ውስጥ ያለው ወታደር ገበሬ ነው። በ1907 አንዱ ተኳሽ ሌላው ተተኳሽ ሆኖ ነበር፤ በ1916 ግን ሁሉም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ገበሬው ሁለት ነገር አየ። አንደኛ፣ መሣሪያ የለም፣ ጫማ የለም፣ አዛዦቹ ሸሹ። ለዚህ ተጠያቂ ያደረገው የሊበራሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢዮን ብራቲያኑንና የከተማ ሰዎቹን ነው። ሁለተኛ፣ አቬሬስኩ የመራው ጦር አልተበተነም። ማራሽቲ ላይ አሸነፈ። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ «አሸነፍን» የሚለውን ቃል የሰጠው እሱ ነው።

መሬትም አለ። በኤፕሪል 1917 ንጉሥ ፌርዲናንድ ግንባር ድረስ ሄዶ ለወታደሮቹ መሬት እንደሚሰጣቸው ቃል ገባ። ቃሉ የንጉሡ ነው። ገበሬው ግን ቃሉን ከአቬሬስኩ ጋር አያያዘው። ንጉሥ ሩቅ ነው። ጄኔራሉን በዓይናቸው አይተውታል።

ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ወደየመንደሩ ሲበተን ወሬውን ይዞት ሄደ። አቬሬስኩ መሬት ያከፋፍላል። አቬሬስኩ ሌቦቹን ይሰቅላል። በሄደበት ሁሉ ሰው ይንበረከክለት፣ እጁንና ልብሱን ይስም ነበር። በሮማኒያኛ «ታታ አቬሬስኩ» ነው የሚሉት፤ አባባ አቬሬስኩ እንደማለት። መልኩ እንኳ ለዚያ የሚሆን አልነበረም። ቀጭን፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ሹል ጢም ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

1907ስ? ተረሳ? የተረሳ አይመስለኝም። ገበሬው የጠላው ባላባቱንና የከተማውን ፖለቲከኛ ነው። መድፉን የተኮሰው ሰው እነዚያን ሊቀጣልኝ ነው ብሎ ካመነ፣ ይቅር ይላል። ደግሞ ሌላ ማን ነበረው?

ከጀርመን ጋር የታረቀው እሱ ነው?

ግማሹን። በ1918 መጀመሪያ ሩሲያ ከጦርነቱ ወጥታለች። ሮማኒያ ብቻዋን ተከብባለች። ንጉሡ አቬሬስኩን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ እርቅ መራራ ከሆነ በጦር ጀግና እጅ ይቀመስ።

አቬሬስኩ ማክንዘንን አገኘ። በማርች 5 ቡፍቴያ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ሰሞን ከቦልሼቪኮቹ ተወካይ ከክርስቲያን ራኮቭስኪ ጋርም የሮማኒያ ጦር በሁለት ወር ውስጥ ቤሳራቢያን እንዲለቅ ተስማማ። የትውልድ ቦታው ያለችባትን ቤሳራቢያ ማለት ነው። ውሉ ሥራ ላይ አልዋለም። ቤሳራቢያ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሮማኒያ ጋር ተቀላቀለች።

ሥልጣኑ ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ላለ ጊዜ ብቻ ነው የዘለቀው። የመጨረሻውን ውል በሜይ የፈረመው ተተኪው አሌክሳንድሩ ማርጊሎማን ነው። ስድቡም ለእሱ ሆነ። አቬሬስኩ ጦሩን ለቆ በኤፕሪል «የሕዝብ ሊግ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። በኋላ ስሙ «የሕዝብ ፓርቲ» ሆኗል። በኖቬምበር ሮማኒያ ወደ ጦርነቱ ተመልሳ ገባች፣ በዲሴምበር 1 ከትራንሲልቫኒያ ጋር ኅብረት ታወጀ። ከአንድ ዓመት በፊት ልትጠፋ የነበረች አገር እጥፍ ሆነች።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ምን ሠራ?

ሦስት ጊዜ ነው የሆነው። የ1918ቱን አየን። ቁም ነገሩ ያለው ከማርች 1920 እስከ ዲሴምበር 1921 ባለው ነው።

ብዙ ተሠርቷል። ከሀንጋሪ ጋር የተደረገው የትሪያኖን የሰላም ውል በጁን 1920 ሲፈረም የሱ መንግሥት ነበር፤ ትራንሲልቫኒያ በሕግ የሮማኒያ የሆነችው በዚያ ነው። በ1921 ከፖላንድ፣ ከቼኮስሎቫኪያና ከዩጎዝላቪያ ጋር ውል ታሰረ። የመሬት ሕጉም በዚያው ዓመት በጁላይ ወጣ። በጠቅላላው ማሻሻያው ወደ 6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ከባላባቶች ተወስዷል። ስለዚህ «አባታችን መሬት ሰጠን» የሚለው ገበሬ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አይባልም። መሬቱ ለብዙው በቅጡ አልበቃም፣ በሬና ማረሻ የሌለውም ተቸገረ። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

በሌላ በኩል ያው የ1907 እጅ አለ። በኦክቶበር 1920 ሠራተኛው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ መንግሥቱ በኃይል ሰበረው። በዲሴምበር ሴኔቱ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ የፍትሕ ሚኒስትሩን ጨምሮ ሰው ሞተ። በሜይ 1921 የኮሚኒስት ፓርቲ ሊያቋቁሙ የተሰበሰቡት እዚያው ጉባኤው ላይ ታሰሩ።

እንዴት ወደቀ?

ሥልጣኑ የውሰት ስለነበረ። በ1920 ወደ ሥልጣን ሲመጣ ብራቲያኑ ከጀርባ ነበር። አዎ፣ ያው ገበሬው የሚጠላው ብራቲያኑ። ሕዝቡ ሲቆጣ በአቬሬስኩ ስም ያበርደዋል። ሲበርድ ወንበሩን ይወስዳል። በ1921 መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ታኬ ዮኔስኩ ሲለቅ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ብራቲያኑ ገባ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

በማርች 1926 ነገሩ ተደገመ። አቬሬስኩ ለሦስተኛ ጊዜ ተሾመ። በሮማኒያ በዚያን ጊዜ ንጉሡ ሰው ይሾማል፣ የተሾመው ምርጫ ያካሂዳል፣ ያሸንፋል። በ1926 ፓርቲው ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኘ። በጁን 1927 ንጉሥ ፌርዲናንድ አወረደው። በጁላይ ምርጫ ሲደረግ ያው ፓርቲ ከ2 በመቶ በታች አገኘ። ፓርላማ ውስጥ አንድም ወንበር አላገኘም።

አንድ ዓመት ብቻ! ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ገበሬው መሬቱን አግኝቷል፣ አዲስ የገበሬ ፓርቲም አለው። ምርጫውን በሚያካሂደው በአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጧል። በ1932 ገጣሚው ኦክታቪያን ጎጋም ደጋፊዎቹን ይዞ ተገንጥሎ ሄደ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በቀጥታ የለም። በጎን ግን አለ፣ አስገራሚም ነው።

አቬሬስኩ በሴፕቴምበር 1926 ከሙሶሊኒ ጋር የወዳጅነት ውል አስሯል። የሚፈልገው ጣልያን ቤሳራቢያ የሮማኒያ መሆኗን እንድታጸድቅለት ነው። በ1927 አጸደቀች። ለትውልድ ቦታው ብሎ ሮምን ተማጠነ ማለት ይቻላል።

በ1920–21 መንግሥቱ ውስጥ ግን የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ አንድ ሰው አለ። ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ይባላል። የትሪያኖንን ውል ከፈረሙት አንዱ ነው። በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በጁን 30 ቀን 1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ የጣልያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ያፏጩባቸው ጀመር። ያን ጊዜ ከመቀመጫው ተነስቶ «እነዚህን አረመኔዎች አስወጧቸው!» ብሎ በፈረንሳይኛ የጮኸው ይሄው ቲቱሌስኩ ነው። ብዙዎቻችን ታሪኩን እናውቀዋለን፣ የጮኸው ሮማኒያዊ መሆኑን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ንጉሥ ካሮል ከሥልጣን አነሳው።

ቀኖቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ለምን ይለያያሉ?

ሮማኒያ እስከ 1919 የድሮውን የጁልያን አቆጣጠር ስለምትጠቀም ነው። የ20ኛው መቶ ዘመን ልዩነት 13 ቀን ነው። ዘመን አቆጣጠር ሲያደናግር ለእኛ አዲስ አይደለም። እዚህ የተጠቀምኩት በአዲሱ ነው።

ማርሻል የተባለው መቼ ነው? መጨረሻውስ?

በጁን 1930፣ ንጉሥ ካሮል ዳግማዊ ከስደት ተመልሶ ዙፋኑን በያዘ በሳምንቱ። ማርሻልነቱ ለሁለት ሰው በአንድ ቀን ተሰጠ። አንዱ አቬሬስኩ፣ ሌላው ፕሬዛን። የዕድሜ ልክ ተቀናቃኙ ማለት ነው። ከእነሱ በኋላ ከጦር አዛዦች ያንን ማዕረግ ያገኘው አንቶኔስኩ ብቻ ነው፣ በ1941።

ማዕረጉ አላለዘበውም፤ ካሮልን ለዓመታት ሲተች ነበር። ግን በፌብሩዋሪ 1938 ካሮል ፓርቲዎችን ወደ ጎን ብሎ የራሱን አገዛዝ ሲያቆም አዛውንቱን ጠራው። ሄደ። ያለ ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆነ፣ ቀጥሎ የዘውድ አማካሪ። ፓርቲው በዚያው ከሌሎቹ ጋር ተዘጋ።

በኦክቶበር 1938 ቡካሬስት ሞተ፣ በ79 ዓመቱ። የተቀበረው ግን ቡካሬስት አይደለም። ማራሽቲ ነው፣ በተራራው ላይ በተሠራው መካነ መቃብር፣ በ1917 እዚያ ከወደቁት ወታደሮች አጽም ጋር።